አሮጌ መዝጊያ ለአዲስ መቃን

የቤት ጥገና ዓምድ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በመሐል አዲስ አበባ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱባቸው በእነዚህ ዓመታት፣ ከቤቶቹ የተነቀሉ የእንጨት መዝጊያዎችን ገዝተው ወይም ከቤተሰብ ተረክበው በአሁኑ መኖሪያቸው ለመግጠም ምክር የሚጠይቁን አንባቢያን በርክተዋል። ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠን ከዚህ በታች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ወር ምናለሽ ተራ ስዘዋወር ከፈረሰ ቤት የወጡ ሁለት የእንጨት መዝጊያዎች አግኝቼ ለመኝታ ክፍሎቻችን ገዛኋቸው፤ ሻጩ ዝግባ ናቸው ብሎኛል። ቁመታቸው 208፣ ወርዳቸው 84፣ ውፍረታቸው 4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ግን 202 በ79 ብቻ ነው። ያነጋገርኩት አናጺ ዙሪያውን በመጋዝ ቆርጦ፣ በሁለት ማጠፊያ በአንድ ከሰዓት ሰቅሎት እንደሚሄድ ነገረኝ። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ያህል ከተቆረጠ መዝጊያው ይላቀቃል ብላ ፈርታለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የባለቤትዎን ይስሙ። አናጺው መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር ለማስማማት ማሰቡ የሚጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከመጋዙ በፊት መመርመር ያለበት መቃኑ ነው። መዝጊያው ብዙ ክረምትና በጋ ተፈራርቆበት፣ የሚጣመመውን ያህል ተጣሞ ያበቃ ዕቃ ነው፤ መቃኑ ግን ለቀላል መዝጊያ ተብሎ የቆመ ነው። በሩ ተበላሸ ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በአብዛኞቹ ጥፋቱን ያገኘሁት ከመቃኑ ላይ ነው።

ለመሆኑ የገዙት ዕቃ ዝግባ ነው? ከላይኛው ጠርዝ፣ ከማይታየው ቦታ፣ በመላጊያ ስስ ልጥ ያንሡና ይመልከቱ። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ መልክ አለው፣ መስመሩም እምብዛም ጎልቶ አይታይም። ቀላ ያለና አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚሸት ከሆነ ጽድ ነው። በእጅ ሲያነሡት ከጠበቁት በታች የሚቀልና ሻካራ የሆነ ቡናማ እንጨት ደግሞ ዋንዛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን አልከሰሩም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 እነዚህን ዛፎች ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን መቁረጥን በመከልከሉ፣ ያን ያህል ስፋትና ጥራት ያለው አዲስ ጣውላ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። በነገራችን ላይ ሻጩን ዕቃው ከየት ቤት እንደወጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። በቅርስነት ከተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ ነቅሎ መውሰድ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያስጠይቃል።

ወደ ቆረጣው እንመለስ። እንዲህ ያለው መዝጊያ ሁለት ቋሚዎችና ሦስት ወይም አራት አግዳሚዎች አሉት። የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ቀጥኖ በቋሚው ውስጥ በተፈለፈለው ጉድጓድ ይገባል፣ በኮላና በእንጨት ችንካርም ይጠብቃል፤ የመሐሉ ሰሌዳ ግን በቦዩ ውስጥ ሳይጣበቅ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ መዝጊያውን ከጎን ሲቆርጡ የሚያሳጥሩት ይህንኑ ምላስ ነው። አናጺው እንዳለው አሁን ባለው መቃን ለመግጠም፣ የመዝጊያና የመቃን ክፍተት ከየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ታስቦለት፣ ከወርዱ 5.6 ሳንቲ ሜትር መነሣት አለበት። ቋሚው 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ከየጎኑ 2.8 ሲነሣለት 8.2 ይቀረዋል፤ አናጺው ድካም ለመቀነስ ሁሉንም ከአንድ ጎን ከቆረጠው ደግሞ 5.4 ብቻ ይቀርና የቁልፉ ጉድጓድ የተፈለፈለበት ቦታ ይቦረቦራል። እኔ ከአንድ ጎን ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በላይ አልቆርጥም፤ የምቆርጠውንም ከሁለቱ ጎን እኩል አካፍላለሁ።

ስለዚህ መፍትሔው መቃኑን መለወጥ ነው። አሁን ያለው መቃን 5.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ሲነቀል ግድግዳው ላይ 90 በ207.5 የሆነ ክፍተት ያገኛሉ ማለት ነው፤ ይህን ግን በሜትር ሳያረጋግጡ እንጨት አይግዙ። በምትኩ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ጥሩ ጣውላ አዲስ መቃን ቢያሠሩ የውስጡ ስፋት 82፣ ቁመቱ 203.5 ይሆናል። ያን ጊዜ ከመዝጊያው ወርድ የሚነሣው በጠቅላላው 2.6፣ ማለትም ከየጎኑ 1.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከቁመቱ 5.5 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ ይኖርብዎታል፤ ከላይ 1፣ ከታች 4.5 ቢያደርጉት የታችኛው አግዳሚ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ስለሆነ አይጎዳም። እንዲያውም ለዓመታት ወለል ሲወለወል ውሃ የጠጣው የታችኛው ጫፍ በዚያው ይወገድልዎታል።

የብሎኬት ግድግዳ ሆዱ ባዶ በመሆኑ ፊሸርና ብሎን ብቻውን ለከባድ መዝጊያ አይታመንም። በየጎኑ ሦስት ቦታ ብሎኬቱን ፈልፍለው፣ ከመቃኑ ጀርባ የተመታውን የብረት መያዣ አስገብተው፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ባለው ቡኬት ይሙሉትና ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል አንድ ሳምንት፣ ምንም ሳይሰቅሉበት ያቆዩት። መያዣዎቹን ማጠፊያዎቹ በሚያርፉበት ትይዩ ያድርጓቸው፤ ብዙ አናጺዎች ይህን አያስቡትም። ቡኬቱ ከመጠንከሩ በፊት ሁለቱን የመቃን ቋሚዎች በቱምቢ ይለኩ፤ በመቀጠልም ከአራቱ ማዕዘን ሁለት ሲባጎ አጋድመው ይወጥሩ። ሁለቱ ክሮች መሐል ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው ከተነካኩ መቃኑ አልተጠማዘዘም፤ በመካከላቸው አየር ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው ግን አንደኛው ቋሚ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ወጥቷል። ያዘነበለ መቃን ላይ የተሰቀለ መዝጊያ ሰው ሳይነካው ይከፈታል፤ እናቶቻችን «ማን ገባ?» እያሉ ሲነሡ ያየነው በሌላ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ማጠፊያው። እንዲህ ያለ መዝጊያ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ሦስት ማጠፊያ ያስፈልገዋል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። 30 ኪሎ እንበልና፣ ይህ ክብደት ያረፈው በወርዱ እኩሌታ፣ ማለትም ከማጠፊያው 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል 160 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ 30 በ40 ተባዝቶ ለ160 ሲካፈል 7.5 ይመጣል፤ ላይኛውን ማጠፊያ ከመቃኑ ለመንቀል ሌት ተቀን የሚጎትተው ኃይል የ7.5 ኪሎ ያህል ነው፣ ታችኛውን ደግሞ በዚያው መጠን ወደ መቃኑ ይገፋዋል። ማጠፊያዎቹን አቀራርበው በ120 ሳንቲ ሜትር ቢያስቀምጧቸው ጉተታው 10 ኪሎ ይደርሳል፤ በ160ው ርቀት እንኳ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እጀታው ላይ ቢንጠለጠል ሌላ 9 ኪሎ ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ የላይኛውን መሐል ከመዝጊያው ጫፍ 18፣ የታችኛውን ከታች 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ያድርጉ። ሦስተኛውን መዝጊያው ቀጥ ያለ ከሆነ ከላይኛው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ሆዱ ጎበጥ ያለ ከሆነ ግን መካከል ላይ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።

የማጠፊያው ክንፍ የሚተኛበትን ቦታ ሲፈለፍሉ ዙሪያውን በእርሳስ አይስመሩ፤ በስለታም ካራ ይብጡት፣ መሮው ያን ብጣት ተከትሎ ይቆማልና። ከዚያም መሮውን አቁመው በየ5 ሚሊ ሜትሩ በቀስታ ይምቱና፣ አጋድመው ከጎን ይላጡት። ጥልቀቱ በትክክል የክንፉን ውፍረት ያህል፣ ብዙውን ጊዜም 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክንፉን አስቀምጠው ጥፍርዎን ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ያንሸራትቱ፤ ጥፍሩ ሳይሰናከል ካለፈ ጨርሰዋል። ከዚያ በላይ ከጎደጎደ መዝጊያው ሊዘጋ ሲል ማጠፊያው ታንቆ መልሶ ይገፋዋል፤ ይህ ሲሆን ማጠፊያውን ፈትተው የመድኃኒት ካርቶን ቆርጠው ከክንፉ ሥር ያንጥፉ እንጂ የመዝጊያውን ጠርዝ አይላጉ።

መዝጊያውን ሲሰቅሉ አንድ ሰው ይያዝልዎት፣ ከሥሩም ሽብልቅ ያስገቡ፤ በየማጠፊያው መጀመሪያ አንዳንድ ብሎን ብቻ አስረው ከፍተው ዘግተው ይሞክሩት። ክፍተቱ ከላይና ከጎን 3፣ ከታች 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ምንጣፍ ካለ ከታች ይጨምሩ። የቁልፉ ጎን ጠርዝ ደግሞ መጀመሪያ ወደ መቃኑ የሚገባው ፊት ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲጠብ ተደርጎ በሰያፍ ይላግ። መዝጊያው የሚያርፍበት መደገፊያ ክፋይ የሚመታው መዝጊያው ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ነው፤ አሮጌ መዝጊያ ጥቂትም ቢሆን የተጣመመ ስለሚሆን መደገፊያው የመዝጊያውን ጠባይ ተከትሎ መመታት አለበት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአራት ኪሎ ነው። በሚያዝያ ወር ለሳሎናችን ከአሮጌ ሳንቃ የተሠራ ወፍራም መዝጊያ አሰቅለን ነበር፤ በደንብ ይዘጋ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን መዝጋት አቃተን፤ በትከሻ እየገፋን ነው። አናጺው መጥቶ ሊልገው ቀጠሮ ይዟል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ቀጠሮውን ወደ ኅዳር ያዛውሩት። ይህን የምለው ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው፤ ከዓመታት በፊት በገዛ ቤቴ የጓዳውን የሳንቃ መዝጊያ በነሐሴ ስልገው ውዬ፣ እንደ ቅቤ ገባ ብዬ ተደስቼ ነበር። ጥር ላይ በክፍተቱ የትንሽ ጣቴን ጫፍ አስገባሁበት፤ በጠርዙ ላይ ክፋይ እንጨት ለጥፌ እስካስተካከልኩት ድረስም የጓዳው ጭስ ሳሎን ሲገባ ከረመ።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በቁመቱ ምንም ያህል አይጨምርም፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። የእርጥበቱ መጠን ከበጋ ወደ ክረምት በ4 በመቶ ቢጨምርና እንጨቱ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ወርዱን በ0.2 በመቶ ያህል ቢያሰፋ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሳንቃ መዝጊያ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከላይ ለልደታው አንባቢ የገለጽኩት ባለ ቋሚና አግዳሚ መዝጊያ ግን ልቁ ሰሌዳ በቦዩ ውስጥ እብጠቱን ስለሚውጠው፣ የሚሰፋው በሁለቱ ቋሚዎች፣ በድምሩ በ22 ሳንቲ ሜትሩ ልክ ብቻ ነው፤ ይኸውም 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የድሮ አናጺዎች ያን ሁሉ ቦይና ምላስ ሲፈለፍሉ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ እብጠት መሆኑን በመጀመሪያ ያረጋግጡ። የመቃኑን ውስጥ በጠመኔ ቀብተው መዝጊያውን አንድ ጊዜ ይዝጉት። ጠመኔው በጠርዙ ርዝመት ሁሉ ከታተመ እብጠት ነው። የታተመው ከቁልፉ በላይ ባለው ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ላይኛው ማጠፊያ ላልቶ መዝጊያው አዘንብሏል፤ መድኃኒቱ ካቻቢቴ ነው፣ ኅዳርን መጠበቅም አያስፈልግዎትም። እብጠት ከሆነ እስከዚያው ሰም ይቀቡትና ይታገሡ። ኅዳር ሲመጣ ከጎኑ ያለው ክፍተት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ይላግና፣ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ በቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ይቀባ። ውሃ በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠው የእንጨት ጫፍ በኩል ነው፣ ሰው ግን የሚቀባው የሚታየውን ፊት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያደግንበት የፒያሳው ቤት ሲፈርስ እኔና እኅቴ የአባታችንን ክፍል መዝጊያ ነቅለን ይዘናል፤ አሁን በምኖርበት ቤት ልገጥመው አስቤአለሁ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያም ግራጫ ቀለም ተደራርቦበታል። የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ፤ አሮጌ ቀለም አደገኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የነሐስ ማጠፊያዎቹን ማዳን ብፈልግም ብሎኖቹ አልፈታ ብለዋል።

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት በብዛት ይጨመር ነበር፤ እርሳስ ደግሞ በትንሽ መጠንም ቢሆን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ብቻ እንዲሆን በመንግሥት ደንብ ተወስኗል፤ የአባትዎ መዝጊያ ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አያድርጉ፦ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ በእሳት አያቃጥሉት፣ በኮስቲክ ሶዳ ገንዳም አይንከሩት። የመጀመሪያው አቧራ፣ ሁለተኛው ጭስ ያመጣል፤ ሦስተኛው ኮላውን አሟሙቶ አግዳሚዎቹን ያላቅቃል። ሥራውን ልጅዎ በማይደርስበት ደጅ ላይ ላስቲክ አንጥፈው፣ በሚቀባ ቀለም አላቂ ወይም በውሃ እያረጠቡ በመቧጠጫ ይሥሩ፣ ፍርፋሪውን ጠቅልለው ያስወግዱ፣ ልብስዎንም ለብቻ ይጠቡ። ቀለሙ ሳይሰነጠቅ በደንብ ከያዘ ሁሉንም መላጥ ግድ አይደለም፤ በላዩ ላይ አዲስ ቀለም መቀባት ይቻላል። መቃኑን የሚነካው ጠርዝና የማጠፊያው ቦታ ግን በየቀኑ ሲፋተግ አቧራ ስለሚሆን እስከ እንጨቱ መላጥ አለበት።

ብሎኖቹን በተመለከተ፣ በጭንቅላቱ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀውን ቀለም በካራ ጫፍ ሳያወጡ አይሞክሯቸው። ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ካቻቢቴ ይምረጡና መጀመሪያ በጥቂቱ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጫኑት፤ ያኔ ዝገቱ «ቀጭ» ሲል ይሰማዎታል፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ይመልሱት። እምቢ ካለ ወፍራም ምስማር በፒንሳ ይዘው አግለው፣ ዙሪያው ከቀለም ከጸዳ በኋላ ጫፉን ብሎኑ ጭንቅላት ላይ ለአንድ ደቂቃ ያሳርፉት፤ ብረቱ ሰፍቶ መልሶ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። የሰፉትን የብሎን ቀዳዳዎች ከወይራ በተጠረበ ችንካርና በኮላ ሞልተው በማግስቱ አዲስ ቀጭን ቀዳዳ ይብሱ። የነሐስ ብሎን በቀላሉ ስለሚሰበር በመጀመሪያ በዚያው ቁጥር የብረት ብሎን አስገብተው ያውጡና፣ ከዚያ በኋላ ነሐሱን የጧፍ ሰም ቀብተው በእጅ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ ነው። ያገኘሁት መዝጊያ ማጠፊያው በግራ ነው፤ የእኛ ክፍል ግን በቀኝ ነው የሚፈልገው። ገልብጬ ላዩን ወደታች ባደርገውስ?

መልስ፦ አይገልብጡት። የታችኛው አግዳሚ ከላይኛው ሰፊ ስለሆነ ተዘቅዝቆ መቆሙ ከሩቅ ያስታውቃል፤ እጀታውም ያለ ቦታው ይውላል። ፊትና ጀርባውን ብቻ ያዟዙሩ፤ ያኔ ማጠፊያው ያለበት ጠርዝ ራሱ ወደሚፈልጉት ጎን ይመጣል። የማጠፊያው አንጓ ግን በተቃራኒው ፊት መውጣት ስላለበት፣ የድሮዎቹን ጉድጓዶች መስመሩ ከመዝጊያው እንጨት ጋር በሚሄድ ክፋይ በኮላ ሞልተው ይላጉና፣ አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ይፈልፍሉ፤ ብሎኖቹ ያልተነካ እንጨት እንዲይዙ። የቁልፉ ምላስ ሰያፍም መዞር ይኖርበታል። ብዙዎቹ የድሮ ቁልፎች ክዳናቸው ሲነሣ ምላሱ ወጥቶ ተገልብጦ ይገባል፤ ሞላው ግን ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ስለሚገባ ቁልፉን የሚፈቱት ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ አስቀምጠው ይሁን፣ ክዳኑንም ከማንሣትዎ በፊት በአውራ ጣትዎ ተጭነው ይያዙት።